«በእግር መሄጃ ክልል ውስጥ ናችሁ» ቢሉሽም ዝም አትበዪ

«ሰላም ላንቺ እህቴ። ዲቪ ደርሶን ወደ አሜሪካ ከመጣን ስምንት ወራችን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ቤት ቤዝመንት ውስጥ አራታችን እንኖራለን። ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ ስላልሞላልን ነው። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ሚድል ስኩል ገብታለች፤ ቢጫው ባስ ከሰፈራችን ይወስዳታል። ትንሹ 8 ዓመቱ ነው። ለእሱ ባስ የለም። ስጠይቅ ‹በእግር መሄጃ ክልል ውስጥ ናችሁ› አሉኝ። ትምህርት ቤቱ አንድ ማይል አይሞላም፤ ግን ጆርጂያ አቬኑን መሻገር አለበት። ስድስት ሌይን ነው። እኔ ንጋት ላይ ሥራ እገባለሁ። ባለቤቴ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ይመጣና ሳይተኛ ያደርሰዋል። አንዳንድ ቀን ድካሙ ያሸንፈውና ልጁ ያረፍዳል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ‹ባስ ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰው አድራሻ ስጪ› አለችኝ። በዚያ ላይ ጌተርስበርግ ርካሽ አፓርትመንት አግኝተናል። በሁለት ወር ውስጥ እንገባለን። ያኔ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ ይሉናል። ልጄ ጓደኛ ያገኘው ገና አሁን ነው። ምን ላድርግ? ደጋግሜ መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ የሰው አገር ነው።»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። «ያሳፍረኛል፤ የሰው አገር ነው።» ከባሱም ከመንገዱም በፊት ከዚህ ልጀምር።

እኔም እንደመጣሁ እንዳንቺ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ሳስመዘግብ «ባስ የላችሁም» ተባልኩ። በስልክ ነው የነገሩኝ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዊንተር ሙሉ የልጄን እጅ ይዤ በበረዶ ላይ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ሁለታችንም ተንሸራተን ወደቅን፤ ያለቀስኩት ግን እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ዓመት ባሱ ድንገት ከደጃችን መቆም ጀመረ። ለካ ከማዶ የምትኖር የኤልሳልቫዶር ሴት ደብዳቤ ጽፋ ኖሯል። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይሻልም። እሷ ጠየቀች፤ እኔን ይሉኝታ ያዘኝ። ይኸው ነው ልዩነታችን። እነዚያ ሁለት ዓመታት እስከዛሬ ይቆጩኛል።

ስለዚህ አንቺ ጠይቂ። አንዴ በቃል «የለም» መባል መልስ አይደለም። መልስ የሚባለው በጽሑፍ የተጠየቀና በጽሑፍ የተመለሰ ነገር ነው።

አሁን ደንቡን እንየው። እዚህ አገር ነፃ ባስ ማግኘት በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት አይደለም። በ1988 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖርዝ ዳኮታ ስቴት የዲከንሰን ከተማ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን የባስ ክፍያ ማስከፈል ይችላሉ ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ ባስ ለማን ይሰጣል የሚለውን የሚወስኑት ስቴቱና የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር ጓደኛ ካለሽ ልጆቿ ቢጫ ባስ ላይኖራቸው ይችላል። ዲሲ ቢጫውን ባስ በዋናነት የሚያሰማራው ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ነው። ሌሎቹ በነፃ ካርድ በሜትሮና በከተማው አውቶቡስ ይሄዳሉ። አንድ ጎዳና ተሻግረሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገቢ ደንቡ ይለወጣል።

ያንቺ አገር እንግዲህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት እንደ ወረዳ ያለ የስቴቱ ክፍል ነው። እዚያ መለኪያው ርቀት ነው። ኤለመንተሪ ከሆነ ከ1 ማይል በላይ፣ ሚድል ስኩል ከሆነ ከ1.5 ማይል በላይ፣ ሃይስኩል ከሆነ ከ2 ማይል በላይ የሚርቅ ተማሪ ባስ ያገኛል። በኪሎ ሜትር ስትመቺው 1.6፣ 2.4 እና 3.2 ገደማ ነው። ልጅሽ ባስ ያጣው ለዚህ ነው፤ ክፉ ሰው ገጥሞሽ አይደለም። ልጅቷም ያገኘችው ትምህርት ቤቷ ስለሚርቅ ነው።

ግን ርቀት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። አንድ ማይል በጸጥታ ሰፈር ውስጥና አንድ ማይል በጆርጂያ አቬኑ አንድ አይደሉም። ይህን አስተዳደሩም ያውቀዋል። መንገዱ ለልጅ አደገኛ ከሆነ ከርቀቱ በታችም ቢሆን ባስ ሊፈቀድ ይችላል። ግን አደጋውን አይቶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ቢሮ ያለው ሰው የሚያየው ካርታ ነው። ቀይ መብራት ጥሰው የሚያልፉትን መኪኖች የምታይው አንቺ ነሽ።

እንዲህ አድርጊ። በሥራሽ እረፍት ቀን፣ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት ከልጅሽ ጋር መንገዱን ሂዱት። በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ማቋረጫው የት ነው? መብራት አለው? የእግረኛው መብራት ስንት ሰከንድ ይቆያል? በልጅ እርምጃ ይበቃል? የእግረኛ መንገዱ የሚቋረጥበት ቦታ አለ? የሚያሻግር ሰው ቆሟል? ይህን በወረቀት ያዢው። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና ለካውንቲው የትምህርት ቤቶች የትራንስፖርት ክፍል ጻፊ። በአማርኛ መጻፍ ትችያለሽ። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ግዴታ አለባቸው። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለባቸው፤ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። የ11 ዓመቷ ልጅሽ አስተርጓሚ እንድትሆን አታድርጊ፤ ይህ የሷ ሸክም አይደለም።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ልጄ በትምህርት ቤታችሁ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ከቤታችን ትምህርት ቤቱ ድረስ አንድ ማይል አይሞላም፤ ነገር ግን ስድስት ሌይን ያለውን ጆርጂያ አቬኑን መሻገር ይኖርበታል። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። መንገዱ ታይቶ የባስ አገልግሎት እንዲፈቀድለት እጠይቃለሁ። በእግሩ መሄድ ይችላል ካላችሁ በየትኛው መንገድና በየትኛው ማቋረጫ እንዲሄድ እንዳሰባችሁ፣ እዚያም የሚያሻግር ሰው መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ንገሩኝ። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አያይዣለሁ። አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

ከዚህ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው «በየትኛው መንገድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያን ለመመለስ አንድ ሰው መንገዱን በልጅሽ ዓይን ማየት አለበት። «አይሆንም» ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ይግባኝ ለማን እንደሚባልም አብረሽ ጠይቂ። ቀኑንና ያነጋገረሽን ሰው ስም መዝግቢ።

ባሱ እስኪፈቀድ ልጁ መሄዱ አይቀርም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጆችን የሚያሻግሩት ሰዎች በካውንቲው ፖሊስ ሥር ናቸው። ማቋረጫው ላይ ሰው ከሌለ እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። የካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ላይ ደውይና «አምሐሪክ» (አማርኛ) በያቸው፤ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። መንገዱ ራሱ ግን የስቴቱ ነው፤ ጆርጂያ አቬኑ የሜሪላንድ ስቴት መንገድ ቁጥር 97 ነው። ስለዚህ የመብራቱን ሰከንድ ማስረዘም የመሰለ ነገር ስትጠይቂ ካውንቲው «የስቴቱ ነው» ቢልሽ ሊያባርርሽ ብሎ አይደለም። ወደ ስቴቱ የመንገድ አስተዳደር እንዲመራልሽ ጠይቂው።

ሌላም መላ አለ። በእርግጠኝነት ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም ያን መንገድ የሚሻገረው። በዚያው ሰፈር ሌላ ሐበሻ፣ ሌላ ላቲኖ፣ ሌላ አፍሪካዊ እናት አለች። አንድ ትልቅ ሰው አምስት ስድስት ልጆችን ሰብስቦ በእግር ማድረስ ይችላል። አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ማክሰኞ ይወስዳል። እዚህ አገር ወላጆች የሚያደርጉት የታወቀ ነገር ነው፤ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ አገር ቤት የጎረቤት ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው ትምህርት ቤት የሄደው። ባለቤትሽ ከሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተራ ቢደርሰው አራት ጠዋት ይተኛል። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንቅልፍ እየጣለው ልጅ ማድረሱ ከመንገዱ ባልተናነሰ ያሳስበኛል። የተራው ቀንም ሌላ ሰው ቢተካው ይሻላል።

እዚህ ላይ ሳልነግርሽ የማላልፈው አለ። የሜሪላንድ ሕግ 8 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ቤት ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን ትቶ መሄድ ይከለክላል። የሚጠብቀውም ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ልጅሽ 8 ሞልቶታል፤ ቢሆንም እህቱ 11 ናት። አባቱ ካልደረሰ ደግሞ፣ እሷ ቀድማ በባስ ስትሄድ እሱ ብቻውን ቤት ይቆያል ማለት ነው። ኤለመንተሪ እዚያ የሚጀምረው በእነሱ 9 ሰዓት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም ባሶቹ ያው ናቸው። መጀመሪያ ሃይስኩል፣ ቀጥሎ ሚድል፣ መጨረሻ ኤለመንተሪ ያደርሳሉ። ለንጋት ሺፍት ሠራተኛ እናት ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ኤለመንተሪዎች ግቢያቸው ውስጥ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ልጅ የሚያቆይ ድርጅት አላቸው። ክፍያ አለው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች እርዳታ ካለ ስታመለክቺ ጠይቂ።

አሁን ወደ ወዳጅሽ ምክር ልምጣ። የሌላ ሰው አድራሻ አትስጪ። እሷ ክፋት አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው አድርጎታል። ግን ልጅ ስታስመዘግቢ ስለ አድራሻሽ ትፈርሚያለሽ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ሊወጡ፣ የትምህርት ክፍያም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ገና የመጣሽ ሰው ነሽ፤ በውሸት ወረቀት ላይ ያለ ፊርማሽ ወደፊት የት እንደሚወጣ አይታወቅም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ውሸቱ አለማስፈለጉ ነው። እውነተኛው አድራሻሽ ከውሸቱ የበለጠ መብት ሊያስገኝልሽ ይችላል።

እንዴት? «ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ ስላልሞላልን የዘመድ ቤዝመንት ውስጥ እንኖራለን» ብለሻል። በ1987 የወጣ የማኪኒ ቬንቶ ሕግ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ስሙ ቤት አልባ ለሆኑ ልጆች የወጣ ሕግ ይለዋል። ይህን ቃል ስታነቢ ፊትሽ እንደሚቀላ አውቃለሁ። «እኛ እኮ ጎዳና ላይ አይደለንም» ትያለሽ። ልክ ነሽ። ግን ሕጉ ጎዳና ላይ ያሉትን ብቻ አይደለም የሚያየው። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ተቸግረው ከዘመድ ጋር ተደርበው የሚኖሩ ልጆችንም ይጨምራል። ስንት አዲስ ገቢ ሐበሻ ነው እንዲህ የሚኖረው! ይህን ሕግ ሰምቶ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው፤ ቃሉ ያሸማቅቃልና።

ሕጉ ምን ይሰጣል? ልጁ ወረቀት ባይሟላለትም ወዲያው ይመዘገባል። ቤተሰቡ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርም ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት መቆየት ይችላል። ወላጅ ከጠየቀ ደግሞ ወደዚያው ትምህርት ቤት መጓጓዣ ማቅረብ የትምህርት አስተዳደሩ ግዴታ ነው። ቋሚ ቤት ብታገኙ እንኳ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ልጁ እዚያው ይማራል፤ መጓጓዣውም አይቋረጥም። ነፃ ምሳም አብሮ ይመጣል።

ልብ በይ፣ ጌተርስበርግ ያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የትምህርት አስተዳደሩ አይቀየርም። እንግዲህ ጊዜው ወሳኝ ነው። ከመዛወራችሁ በፊት፣ አሁን ቤዝመንቱ ውስጥ እያላችሁ ነው መናገር ያለብሽ። ከሄዳችሁ በኋላ «እዚያ ሆነን እንዲህ ነበርን» ማለት ይከብዳል። በየትምህርት አስተዳደሩ ለዚህ ሕግ የተመደበ ተጠሪ አለ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካውንስለሩን (የተማሪዎች አማካሪውን) ጠይቂ፤ እሱ ያገናኝሻል። «ኪራይ መክፈል ስላቃተን ከዘመድ ጋር ተደርበን እንኖራለን፤ የማኪኒ ቬንቶ ተጠሪ ማነጋገር እፈልጋለሁ» በይ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ጽፈሽ ያዢ። የእናንተ ሁኔታ በሕጉ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። «አይገባችሁም» ቢሉና ብትከራከሪ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ከትምህርት ቤቱ አይወጣም፤ ይህም በሕጉ ተጽፏል።

የአክስት ልጃችሁን ግን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ቤቱ ስለሚጠቀስ «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ እንዳይደነግጥ። ይህ የልጆቹ የትምህርት ጉዳይ እንጂ እሱን መክሰስ አይደለም።

በተጠሪው በኩል ባይሳካ «ኮሳ» የሚሉት ሌላ መንገድ አለ። የትምህርት ቤት ምደባ ለውጥ ማመልከቻ ነው። ልጁ በድሮው ትምህርት ቤት ይቆይ ዘንድ ልታመለክቺ ትችያለሽ። ግን በኮሳ የተፈቀደለት ልጅ ባስ አይሰጠውም፤ ማድረስ የወላጅ ነው። ከጌተርስበርግ ሲልቨር ስፕሪንግ በጠዋት በሀይዌይ 270 ልጅ ማመላለስ ለእናንተ ኑሮ የሚሆን አይመስለኝም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን አጥብቀሽ ያዢ የምልሽ።

ስለ ልጅቷ ምንም አልጠየቅሽኝም፤ ባስ ስላላት። እኔ ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ። ባሱ የሚቆመው ከየትኛው ጎን ነው? ሰው ሁሉ «ቀይ መብራቱ ሲበራ መኪና ሁሉ ይቆማል» ብሎ ያምናል። በሜሪላንድ ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ መኪና መቆም አለበት፤ ትክክል። ነገር ግን መንገዱ መሐል ላይ በግንብ ወይም በደሴት የተከፈለ ከሆነ ከማዶ የሚመጣው የመቆም ግዴታ የለበትም። ጆርጂያ አቬኑ በብዙ ቦታ እንዲህ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ከባሱ ወርዳ ያን መንገድ ማቋረጥ የለባትም። ፌርማታዋ በቤታችሁ በኩል ካልሆነ ያንኑ የትራንስፖርት ክፍል አስለውጪው። ሁለተኛው፣ ከባሱ ዙሪያ 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ያህል፣ ሾፌሩ ልጅ ሊያይ የማይችልበት ቦታ ነው። ደብተሯ ባሱ ሥር ቢወድቅ ጎንበስ ብላ እንዳታነሳ። ደብተር ይገዛል። ይህን ዛሬ ማታ ንገሪያት።

ባለቤትሽም ስለሚነዳ ይወቅ፤ በቆመ ባስ ጎን ማለፍ በካሜራ ይያዛል። ካውንቲው ውስጥ ቅጣቱ 250 ዶላር ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ፤ ስንቱን ቤት እንዳስቸገረች አይቻለሁ። ሰዓት! ትምህርት ቤቱ ልጁን ከትምህርት በኋላ 3:30 ላይ ተቀበሉት ይላችኋል እንበል። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው፣ ለምሳሌ የባለቤትሽ አክስት፣ ካሉ ግን አገር ቤት በለመዱት ሰዓት ሲያስቡ «ሦስት ሰዓት ተኩል» ማለት ጠዋት ነው፤ ለእሳቸው ከሰዓት በኋላ ያለው 3:30 ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ልጁን የሚቀበሉት እሳቸው ከሆኑ ቁጥሩን በሁለቱም ሰዓት በትልቅ ወረቀት ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊላቸው፤ ባስ ከተፈቀደለትም የባሱን ቁጥር ከሥሩ።